የምድጃው አምላክ እስኪመለስ

ይህን ብዕር የያዘችው ያኤኮ ናት። ያኤኮን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከሌላ ደሴት ተድራ የመጣች፣ ዛሬ በባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴት ናት። ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የቾሴይ ነው። እኔ እንደምታውቂው መረብ እንጂ ብዕር ጨብጬ አላውቅም፤ ትምህርት ቤቱን ጦርነቱ አቃጠለው፣ እኔም ተመልሼ አልፈለግሁትም። የምለውን ሁሉ እንዳለ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። ያማረ ነገር ካየሽበት የእሷ ነው፤ ሻካራው የእኔ ነው።

እታለም ማካቶ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ያልሽው እንዴት ሆነ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ የልጅ ልጆችሽ እንዴት ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ አልቋል፤ ጆሮዬ ግን ሰው ሲያማኝ ለመስማት ይበቃል። ሐኪሙ አረቄ ተው ብሎኝ ነበር፤ እሱን ተውኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በመከር ደውለሽ ያለቀስሽበትን ነገር አልረሳሁም። ከልጅሽ አፓርታማ ገብተሽ ዕቃሽ ገና ሳይፈታ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የምድጃሽ አምላክ የሚያድርበትን የአመድ ዕቃ የሲጋራ መተርኮሻ መስሏት ደፍታ ዕቃውን አጥባ አስቀመጠችልሽ። እናታችን መርከብ ስትሳፈሪ በሻይ ቆርቆሮ አድርጋ በጉያሽ የሸጎጠችልሽን አመድ! ብራዚል ድረስ ተሻግሮ፣ ስንት ቤት ስትቀይሪ አብሮሽ የኖረውን። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልመስልሽ እንዳለ፣ ጠዋት ተነሥተሽ የልብሽን ለማን እንደምትነግሪ እንደጠፋሽ ነገርሽኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁት። የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም፤ የምለው ስላልነበረኝ ነው። የማደርገው ግን ነበረኝ።

የአባታችን ቤት እንደሌለ ታውቂያለሽ። አውሎ ነፋሱ ጣራውን ወሰደ፣ ግድግዳው ብቻውን ቆሞ ቆሞ ወደቀ። ባለቤቴ ከእናታችን የወረሰችው አመድም እሷ ስታርፍ እንደ ወጉ ወደ አፈር ተመልሷል። እኔ በምኖርበት በናሃ ከተማ፣ በልጄ ቤት፣ ሚስቱ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ እሳት የሚባል አይታይም። የእናታችን ምድጃ ጠፋ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ያኤኮ ትዝ አለችኝ። ስታገባ አማት አልነበራትምና ምድጃዋን ያስጀመረቻት እናታችን ናት፤ ከራሷ አመድ ሦስት ቁንጥር ሰጥታ፣ ጸሎቱን አስተምራ። ስለዚህ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ያዝኩና ለማንም ሳልናገር መርከብ ላይ ወጣሁ።

ደሴታችን ያው ናት። የማረፊያ ቤቱ ከወደቡ አጠገብ፣ እኛ ጀልባ እንስብበት ከነበረው አሸዋ ፊት ለፊት ነው። ቀለሙን ጨው የበላው ሁለት ፎቅ ነው፤ ጣራው ላይ የውኃ ታንከር አለ፣ ደጃፉ ላይ የጠላቂዎች ልብስ ተሰጥቶበታል። ተወልጄ ባደግሁበት ደሴት ጫማዬን ከእንግዳ ጫማ ጎን ማውለቄ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ጻፊው፣ ያኤኮ። እንደገባሁ ቆርቆሮዬን ይዤ በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት አመራሁ። ያኤኮ ጭልፋዋን አንሥታ መንገዱን ዘጋችብኝ።

«ጋሼ ቾሴይ! ወንድ ልጅ ከምድጃዬ ምን አለው? ውጡልኝ!»

«የእናቴን አመድ ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኳት። ያንቺንም ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ አዘነች፤ ቀጥላ ሣቀች፣ ማቀዝቀዣውን ደግፋ እስክትቆም ድረስ ሣቀች።

«አምላኩ እኮ የለም!» አለችኝ። «ትናንት ሸኘሁት። ያመቱን ወሬያችንን ለሰማይ ሊናገር ሄዷል፤ የሚመለሰው የአሮጌው አቆጣጠር አዲስ ዓመት ከገባ በአራተኛው ቀን ነው። ዛሬ ቆንጥሬ ብሰጥዎ ባዶ አመድ ነው የሚወስዱት። ያቺ ሠራተኛ ከደፋችው በምን ይሻላል?»

እናታችን በዓመቱ መጨረሻ ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ በእኔ ላይ ስሞታዋን ስትደረድር ከውጭ እሰማ ነበር፤ ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም። የሴቶች ጉዳይ ነው። የማዕበሉን ቀን ጠይቂኝ እንጂ! ያኤኮ ወደ ልጄ ቤት ተመልሼ በቀኑ እንድመጣ መከረችኝ። በዚህ ወር የሰሜን ነፋስ ሲነሣ መርከብ እንደማይታመን አንቺም አትረሺውም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እጠብቀዋለሁ» አልኳት።

«ማንን?»

«አምላክሽን።»

ባሕሩን የምታይ ክፍል ሰጠችኝ። ጠባብ ናት፤ ምንጣፏ ፀሐይ የጠጣ፣ መስኮቷ ሲከፈት የሚያለቅስ። ጠዋት ስነሣ እናታችን የባሕር ቅጠል ታሰጣበት የነበረው ድንጋይ ይታየኛል። ማታ ከሩዙ ጋር የዓሣ ሾርባ አለ፤ ያኤኮ ጨው ትቆጥባለች፣ ይህንንም ጻፊው። ገላ መታጠቢያው አንድ ስለሆነ ሽማግሌ ይቅደም ብለው እኔን ያስቀድሙኛል። ከዋናው ምድር ዓሣ ነባሪ ለማየት የመጡ ባልና ሚስት አብረውኝ ነበሩ። ባልየው «አባባ፣ ዓሣ ነባሪ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። «እሱ ነው እኔን የሚያውቀኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነፋሱን እኔን ሳይጠይቅ ጀልባ አይሳፈርም ነበር።

አዲሱ ዓመት ገባ። ያኤኮ የአሳማ ሥጋ ከባሕር ቅጠል ጋር ቀቀለች፣ ጎረቤቱ እየመጣ ጠጣ። በማግስቱ እንጀራ ፈላጊ ሆኜ የተቀመጥኩ እንዳይመስላት ብዬ የተቀደደ መረቧን ስጠግን አጠገቤ መጣችና የባሰውን ነገረችኝ።

«አመዱን ለእርስዎ አልሰጥም» አለችኝ። «ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ ነው። እናትዎ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።»

«ሴት ከየት ላምጣ? ልውለድ?»

«የእህትዎ የልጅ ልጅ በዋናው ምድር ፋብሪካ ትሠራለች አላሉኝም?»

አዎ፣ ያቺ ዣናይና፣ የታሸገ ምሳ የምትሠራዋ። አንድ ጊዜ ልጠይቅ ብላ ናሃ መጥታ በር ላይ ጉንጬን ስትስመኝ ኮፍያዬ ወድቆ ነበር። «እሷማ ቋንቋችንን በደንብ አትችልም፤ ስለ ምድጃ ምን ታውቃለች?» አልኳት።

«እርስዎስ ምን ያውቃሉ? ባዶ ምድጃ ሊዘርፉ አይደል የመጡት?» አለችኝ።

ማካቶ፣ ወንድምሽ ሰው ለምኖ አያውቅም። ማዕበል ጀልባዬን ሲሰብረው እንኳ በዋና ወጣሁ እንጂ ድረሱልኝ አላልኩም። ያን ቀን ግን ያኤኮ ስልኩን ደውላ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው፤ እኔም ልጅቱን «እባክሽ ነይልኝ» አልኳት። የገባት አልመሰለኝም ነበር። «ለአያቴ አመድ?» አለች። ቀጥላ «እመጣለሁ፤ አለቃዬ ቢቆጣም እመጣለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ከሰሜን ተነሣ፣ መርከብ የለም ተባለ። ወደቡ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ያኤኮ ካፖርት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ባሕሩን አፍጥጠው ስላዩት አይተኛም፤ ይግቡ» አለችኝ። አራተኛው ቀን ካለፈ ምን ይሆናል አልኳት። አምላኩ በዚያ ቀን ሲገባ አዲስ ቤቱ ያልተነገረለት ሰው ሌላ ዓመት ይጠብቃል አለችኝ። አንቺ ደግሞ፣ እኔም ራሴ፣ በዚህ ዕድሜያችን ዓመት የምንጠብቅ ሰዎች አይደለንም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ አሁን ነው የሰማችው።

አራተኛው ቀን ሲነጋ ባሕሩ ገና ነጭ አረፋ ይመታ ነበር፤ መርከቧ ግን መጣች፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች። ዣናይና ፊቷ እንደ ቀርከሃ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወረደች። አሁንም ጉንጬን ሳመችኝ፤ ኮፍያዬን ግን በእጄ ይዤ ነበር። «አያቴ፣ እኔ መጥቷል!» አለችኝ። አላረምኳትም።

ያኤኮ እጇን አስታጥባ ወደ ማዕድ ቤት አስገባቻት፤ እኔን ደጃፉ ላይ አቆመችኝ። ምድጃው አሁን ጋዝ ነው፤ የአመዱ ዕቃ ከጀርባው፣ ከውኃና ከጨው ስኒ ጋር ተቀምጧል። ያኤኮ አምላኩን እንኳን ደህና መጣህ አለችውና ልጅቱን «የአያትሽን ቤት ንገሪው፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ የተወለደችበትን ዓመት በእንስሳው ስም። ካልነገርሽው መንገድ ይጠፋበታል» አለቻት። ዣናይና ሳኦ ፓውሎን ተናገረች፣ መንገዱን ተናገረች፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን። ዓመቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የእባብ ዓመት!» ብዬ ከደጃፉ ጮኽኩ።

«ወንዱ ዝም ይበል!» አለች ያኤኮ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ።

«ስትወለድ በር ላይ ቆሜ ነበር» አልኳት። «ያን ጊዜም አላስገቡኝም።»

ከዚያ በኋላ ልጅቱ በናንተ አገር ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች። አንድም አልገባኝም፤ ስምሽን ብቻ ደጋግሜ ሰማሁ። ስትጨርስ ያኤኮ ምን እንዳለችው ጠየቀቻት። «አያቴ ዛሬም በየጠዋቱ ውኃ ትቀዳለች፤ ስኒውን ይዛ ባዶው ቦታ ፊት ትቆማለች፤ መልሳ ትደፋዋለች አልኩት» አለች። ይህን በስልክ አልነገርሽኝም፣ ማካቶ። ያኤኮ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ እኔ ወደ ባሕሩ። ከዚያ ሦስቱን ቁንጥር በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ከልጅቱ እጅ ላይ አኖረች። የእኔን ቆርቆሮ ለመያዣነት ተቀብለውኛል።

አበባ ሲያብብ ዣናይና ፈቃድ ወስዳ ወደ እናንተ ትመጣለች፤ አመዱንና ይህን ደብዳቤ በእጇ ትሰጥሻለች። ስኒሽን አዘጋጂ። አሁን ከታች አሸዋው ላይ ለዓሣ ነባሪ እጇን እያውለበለበች ነው፤ ዓሣ ነባሪውም እብድ ነው፣ ይመልስላታል።

ልጅሽን ሰላም በይልኝ፤ ለእናቱ የተሻለ ወንበር ይግዛላት። ምራትሽን ሰላም በይልኝ፤ ወጧን ለምድጃው ማቅመስ እንዳትረሳ። ትንንሾቹን በሙሉ ሳሚልኝ፤ እኔ መሳም አላውቅም። ያችን የጽዳት ሠራተኛም ሰላም በይልኝ፤ እንዳታባርሪያት። ቆሻሻ ያየች መስሏት አጸዳች፣ ሥራዋ ነው። አዲሱን ዕቃ በእጅሽ ይዘሽ አሳዪያትና ምን እንደሆነ ንገሪያት።

ያኤኮ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፊ፤ ከኦኪናዋ፣ ከደሴታችን፣ ከባሕሩ ዳር ማረፊያ ቤት፣ አምላኩ በተመለሰበት በአራተኛው ቀን። ጨረስሽ? እንግዲህ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ማዕድ ቤት ግቢና ምድጃው ፊት ከመጀመሪያው ጀምሮ አንብቢው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እኔ ከደጃፉ ቆሜ እሰማለሁ።