ከአልጋው ራስጌ ስለተነቀለው ገመድ

ለተከበሩ የ«ብልህ ቤት» ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የመኝታ ቤትዎም መብራት በእጅ የሚበራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን፣ ከባለቤቴ ጋር የምኖርበት አሮጌ ቤት ባለፈው ዓመት በድርጅትዎ ጥበብ ብልህ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አንድም ጋዜጣ ተቀምጬ አልጨረስኩም። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ስለሆነ፣ ሐሳቡ የተቆራረጠ ሆኖ ካገኙት በትሕትና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከቅሬታው በፊት ምስጋናው ይቅደም። የሥራውን ዋጋ የከፈለችልን በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ናት። እናቷን ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ከዛለና ምላሷ ከተሳሰረ በኋላ፣ እማዬ ሳትደክም ቤቱን በአፏ ብቻ ትዘዘው ብላ ነው። ባለሙያዎችዎም በቀጠሮው ሰዓት መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፣ በየግድግዳው የነበሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነቅለው፣ ቀዳዳው የት እንደነበረ እስኪጠፋኝ ድረስ አሳምረው ደፈኑት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ባይሠሩ ኖሮ የዛሬው ችግሬ በግማሽ ይቀል ነበር።

፩. ቤቱ የጌታውን ድምፅ እንዲለይ የሚነበብ ጽሑፍ አለ ተብሎ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ የኖርኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በየነጠላ ሰረዙ እያረፍኩ፣ የኋላው ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩት። ባለሙያዎ ተደስቶ እንደ እኔ ጥርት አድርጎ ያነበበለት ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ቤቱም ያንን ድምፅ ተማረ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልተማረም። ስለዚህ ማታ ወጥ ቤት ገብቼ መብራት አብርቼ ውኃ ለመቅዳት ብፈልግ፣ ደረቴን ነፍቼ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው መናገር ይኖርብኛል፤ እንደማንኛውም ሰው ከተናገርኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ወደ ማስተማር የተመለስኩ መስሏቸው ልጆቻቸውን እንዳስጠናላቸው እየጠየቁኝ ነው።

፪. ባለቤቴን ደግሞ ጭራሽ አይሰማትም። «መብራት» የሚለውን ቃል ለማቅናት ሳምንታት አብረን ለፍተናል። እኔ ይገባኛል፤ ወተት የምታመጣልን ሴት ይገባታል፤ አፍ ያልፈታው የጎረቤት ሕፃን እንኳ ስትለው ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል። ግድግዳው ግን «አልተረዳሁም፤ እባክዎ ይድገሙ» ይላታል። ትደግማለች። እንደገና ይላታል። ድምጿን እንዲመዘግቡላት ብለምን፣ መሣሪያው ግልጽ ንግግር ብቻ እንደሚቀበል በአክብሮት ተነገረኝ። የሚንተባተብን ተማሪ ለዘለቄታው ዝም ለማሰኘት ከዚህ የሠመረ ዘዴ በሙያ ዘመኔ አላየሁም።

፫. ዋናው ይህ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ገመድ ይንጠለጠል ነበር፤ እጇ እንዲይዘው ብዬ ጫፉ ላይ ትልቅ የእንጨት የልብስ ቁልፍ አስሬበታለሁ። በግራ እጇ ሳብ ስታደርገው መብራቱ ይበራል፤ ዳግም ስትስበው መብራቱ ይጠፋል። ከታመመች ወዲህ ማንንም ሳትጠራ የምትሠራው ነገር ይህ አንድ ብቻ ነበር። ባለሙያዎችዎ ገመዱን ከአሮጌው ዕቃ ጋር በከረጢት ይዘውት ሄዱ። የጠረጴዛ መብራት ገዝቼ ብሰካላት፣ ለካ ሶኬቱም የእኔን ትእዛዝ ነው የሚጠብቀው። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ ሽቦው ሁሉ የገባው እናንተ ወደ ቆለፋችሁት ሣጥን ስለሆነ፣ ቢነካው የውጭው በር ጭምር አልከፈትም ሊል እንደሚችል ነግሮኝ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

እንግዲህ ቀኑ መጨላለም ሲጀምር የእኔ ቁጭ ብድግ ይጀምራል። ትጠራኛለች፣ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ አዛለሁ፣ እመለሳለሁ። በቅርቡ ግን አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ጥሪዋ ጋብ ያለ መስሎኝ ሳሎን ውስጥ ቆየሁ። በኋላ ገብቼ ሳይ፣ በድቅድቁ ጨለማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇ ባዶውን ግድግዳ ይዳብሳል። ለምን እንዳልጠራችኝ ስጠይቃት፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «እንዳትነሣ ብዬ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጠራኝ ብቻ ሳይሆን ዝም ስትልም እነሣለሁ።

፬. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። በዚያው ሰሞን ከድርጅትዎ በስልኬ የደረሰኝ መልእክት፣ የመኝታ ቤታችን የመብራት ፍጆታ በእጅጉ ስለቀነሰ እንኳን ደስ አለዎት ይላል። ልጃችንም ይህንኑ በስልኳ አይታ፣ እናቷን እንቅልፍ ስለተስማማት ደስ እንዳላት ነገረችኝ። ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ከፍተኛ ውጤት የሚሰጥ ፈታኝ ስላጋጠመኝ ክብር ይሰማኛል። ልጄን ግን እስካሁን አላረምኳትም፤ በምን አፌ?

የምጠይቀው ቀላል ነው። ያንን ገመድ ወይም መሰሉን ከነበረበት ቦታ እንዲመልሱልን ነው። የቀረው ቤት እንደ ፈለገ ብልህ ይሁን። የደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ ወደ ኋላ መመለስ በአሠራራችሁ እንደሌለ ነግሮኛል፤ እኔም የምጠይቀው ወደ ኋላ እንድትመለሱ ሳይሆን ወደ አልጋዋ ራስጌ እንድትመጡ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስልኩ ተዘጋ።

ላሳዩን ብርሃን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መልስዎን ቆሜ የምጠባበቅ፣

በዚህ ቤት የቀረው ብቸኛ ማብሪያ ማጥፊያ፣
ጡረተኛው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ ተነሥቼ፣ በለመድኩት ድምፅ አነበብኩላት። ሦስተኛው ቁጥር ላይ «መብራቱ ይጠፋል» ከሚለው ስደርስ፣ ቤትዎ በታዛዥነት አጠፋው። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያም በጨለማው ውስጥ «ገመዴን» አለች። ግድግዳው እንደ ልማዱ እንድትደግምለት ጠየቃት። እኔ በመጀመሪያው ገብቶኛል። ለእርስዎ ካልገባዎት የፈለጉትን ያህል ጊዜ እኔ እደግምልዎታለሁ፤ እሷ ግን ከእንግዲህ አትደግምም።