የሒሳብ መምህር ያጣው ዘጠነኛ ክፍል

ሰኔ 19 ቀን 1962

ዛሬም ዝናብ። የጂኦግራፊው መምህር ያረማቸውን የስምንተኛ ክፍል ወረቀቶች እንደገና አረምኩ። አምስት ስሕተት አገኘሁ። ጠርቼ አሳየሁት።

«ጋሼ ቀለመወርቅ፣ ግማሽ ማርክ እኮ ነው።»

ግማሽ ማርክ! የልጁ ግማሽ ነው እንጂ ያንተ ነው? አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። ያጥቁር። ዳይሬክተር ሆኜ በሃምሳ አራት ዓመቴ መምህር ላባብል?

ማሬ ከሁሉም በልጣለች፤ የደምሌ ልጅ። ደምሌ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፤ ራሱ ግን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ። አዲሱን ክፍል ያሠራው እሱ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ሰው አስተባብሮ ድንጋይ አሸከመ። አሁን ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ይገባበታል። የኛ የአርብ ገበያ ልጅ ለዘጠነኛ ክፍል ደብረ ታቦር ድረስ መሄዱ ሊቀር ነው። ሴት ልጅማ... ማን ይልካታል?

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ዲግሪ ያለው የሒሳብ መምህር ከሌለ አይከፈትም። ታፈረ አለልን። ልጄ በዚህ ወር የሒሳብ ዲግሪውን ይጨርሳል። በጥምቀት ዕለት በሕዝብ ፊት፣ ልጄ መጥቶ ያስተምራል ብዬ ተናግሬአለሁ።

ደከመኝ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው።

ሰኔ 26

የታፈረ ደብዳቤ ከገበያተኛ ጋር ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሕክምና ሊገባ ነው። ሒሳቡን ጨርሶ... ከመስከረም ጀምሮ እንደገና ተማሪ። ተፈትኖ አልፏል፣ ተቀብለውታል። ሲፈተን ለምን አልነገረኝም?

ምክንያቶቹን በቁጥር ዘርዝሯቸዋል። አንደኛ፣ አገሪቱ ሐኪም ያንሳታል። ሁለተኛ፣ ለወገን መድረስ። ሦስተኛ፣ የዘመኑ ሥልጣኔ። የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ! ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። እንዲህ አሳምሮ የሚጽፈው ሲዋሽ ነው።

ባለቤቴ ይታይሽ «ልጄ ደኅና ነው?» አለችኝ። ደኅና ነው አልኳት።

ሰኔ 28

ደብዳቤውን መልሼ ላክሁለት። ከሦስቱም ምክንያቶች ጎን በቀይ እርሳስ «እውነት አይደለም» ብዬ፣ ከግርጌው «እንደገና ጻፍ»።

ይታይሽ ሳሽገው አየችኝ። «ልጅዎ ነው ተማሪዎ?»

ፖስታውን አሽጌ ጨረስኩ።

ሐምሌ 8

መልስ የለም። ጭቃ ብቻ።

ለደምሌ አልነገርኩትም። ትናንት መንገድ ላይ አገኘኝ። «ታፈረ መቼ ይገባል? ማሬ ደብተር ግዙልኝ እያለች መቀመጫ ነሥታናለች» አለኝ። ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል አልኩት። ዋሸሁ። እኔ!

ሐምሌ 19

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ መጣብኝ። አለቃ ገብረ ማርያምና ደምሌ። ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ከደጃፉ አልፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብል አይቀመጡም።

አለቃ ጀመሩ። «ልጅህ ታፈረ በድሎሃል። አስታርቁኝ ብሎ ልኮናል። እሺ ካላልከን አንቀመጥም። እህል ውሃም አንቀምስም።»

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማረ ልጅ፣ ፋኩልቲ ለመለወጥ ሽማግሌ ይልካል? ለሚስት እንደሚላከው?

«ምን እንደጠየቀ ያውቃሉ ግን?» አልኳቸው።

«በደንብ ጽፎልኛል። ሒሳብን ሊፈታ ነው። ሕክምናን ሊያገባ።»

«አራት ዓመት አብሯት ኖሮ?»

«ታዲያ ፍቺ ላልተጋባ ነው?»

ደምሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ተናደድኩ። ወደ እሱ ዞርኩ። «አንተ ትስቃለህ? ታፈረ አይመጣም ማለት እኮ ዘጠነኛ ክፍል የለም ማለት ነው። ማሬ የት ልትማር ነው?»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ። ትናንት አለቃ ደብዳቤውን ሲያነቡልኝ ገብቶኛል።»

«ታዲያ አንተው ትለምነኛለህ?»

«ሽማግሌ ሁነኝ ያለ ሰው እምቢ ይባላል? ዛሬ የሱ ሽማግሌ ነኝ። የራሴን ጉዳይ ነገ መጥቼ እጣላዎታለሁ።»



አለቃ ግን አልለቀቁኝም። ቤተ ልሔም አብረን ድጓ ተምረናል፤ ስለኔ የማያውቁት የለም። «አንተስ ድጓውን ጨርሰህ ለማስመስከር ጥቂት ሲቀርህ ጥለህ አዲስ አበባ አልጠፋህም? የኔታ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ማንን ላክህባቸው? ይኸ ልጅ ካንተ ይሻላል። ጠይቋል።»

ተቀመጡ ብዬ ደገምኩ። 

እንደ ቆሙ ቀሩ። የአለቃ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በመጨረሻ «ራሱ ይምጣ፣ እውነቱን ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ እመልሳለሁ» አልኩ። ይህም መልስ ሆኖ... ይታይሽ ያቀረበችውን ሳይነኩ ወጡ። ሽማግሌ ከቤቴ ሳይቀመጥ ወጣ። እስከ ማታ አገር ይሰማዋል።

ሐምሌ 20

ደምሌ እንዳለው መጣ። ዛሬ ለራሱ። ገና ከአጥሩ ጀምሮ ይጮሃል።

«ሁለት በጋ ድንጋይ ያሸከሙን ለከብት ማደሪያ ነው? ማሬን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች አሉ። እስከ መስከረም ቆዩኝ ብያቸዋለሁ። ከመስከረም ወዲያ ምን ልበላቸው? እስቲ ይንገሩኝ!»

ልጁ ቃሌን አፈረሰብኝ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ አልኩት።

«ቃሉ የማን ነው? ልጄ ይመጣል ሲሉን ታፈረን ጠይቀውት ነበር ወይ?»

አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ያለበትም አልመሰለኝም ነበር።

ደምሌ ሲሄድ ደኅና ይዋሉ አላለኝም።

ነሐሴ 17

ታፈረ ገባ። ከደብረ ታቦር አራት ቀን በጭቃ በእግሩ። ከስቷል። እናቱ እግሩን አጠበችው። በልቶ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

«እውነቱን» አልኩት።

 መሬት መሬት እያየ ጀመረ። «ለዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ወለጋ ላስተምር የተላክሁ ዓመት... ሰሌዳ ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። ተማሪዎቹ አይታዩኝም፤ እርስዎ ነዎት የሚታዩኝ።»

«ምን አደረግሁህ?»

«ምንም። ያርሙኛል። ፊደል ከጀመርኩ ጀምሮ ያርሙኛል።»

«ሕክምናስ?»

«ማታ ማታ ክሊኒክ ሄጄ ቁስል የሚያክመውን ድሬሰር አግዝ ነበር። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። የታመመ ሰው ፊት ስሆን እርስዎ የሉም፣ አባባ። እጄም አይንቀጠቀጥም።»

ይታይሽ ሳህን አንሥታ ወጣች።

ስንት ጊዜ እውነቱን ንገረኝ ስል ኖርኩ። ነገረኝ።

ነሐሴ 18

ልቆጣ ሞከርኩ። ቁጣው የለም። ድካም ብቻ። ከአልጋ ለመነሣትም ሰነፍኩ።

ከሰዓት በኋላ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። እሺ ብዬዋለሁ፣ መጥተው ይቀመጡ አልኳቸው።

«በሐምሌ ብትለው ኖሮ ጉልበቴ በተረፈ» አሉኝ።

መጡ። ተቀመጡ። በሉ። ደምሌም መጣ፤ ታፈረን ስሞ መረቀው። እኔን አላየኝም።

ነሐሴ 22

የጽሕፈት ቤቱን ትእዛዝ እንደገና አነበብኩት። «ዲግሪ ያለው» ይላል። የምን ዲግሪ እንደሆነ አይልም። የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነበር። የሌላ ሰው ስሕተት ሲጠቅመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የኔ ዲግሪ የታሪክ ነው። አልጀብራ የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጬ። ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም። ቢሆንም ጻፍኩ። የሒሳብ መምህር እስኪገኝ እኔ አስተምራለሁ፣ ይፈቀድልኝ።

ከዚያ ታፈረን ጠራሁት። እስክትሄድ አስተምረኝ አልኩት።

«እኔ? እርስዎን?»

አዎ።

ነሐሴ 27

አዲሱ ክፍል ውስጥ አምስተኛ ቀናችን። እኔ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ ታፈረ ሰሌዳው ዘንድ። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ያላየሁ መስዬ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

ዛሬ ፈተነኝ። ከሃያው ዘጠኝ አገኘሁ።

«ቁጥሩ ከዚህ ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል ብያለሁ።»

«ብለሃል።»

«ታዲያ?»

ታዲያ! ቆጣ ብሎ ነው ያለው። ድምፁ የኔው ድምፅ። ደነገጥኩ። እሱም ሰምቶት ደነገጠ። ቀና ብዬ አየሁት... ከዚያ ሳቅን። ሁለታችንም። ከዚህ በፊት አብረን የሳቅነው መቼ ነበር? ማስታወስ አልቻልኩም።

ጳጉሜን 2

ታፈረ ሄደ። ወንዙ ገና ሙሉ ነው፤ ሦስት መንገደኞች አብረውት አሉ። ደብተሮቹን ተወልኝ። «ሲያስቸግርዎ ይጻፉልኝ» አለ። እሺ አልኩ። በርትተህ ተማር ልለው ነበር፤ ሳልለው ቀረሁ። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ!

 

መስከረም 15 ቀን 1963

ፈቃዱ ደረሰ። ለአንድ ዓመት፣ በጊዜያዊነት። ልመናዬን የሚሰማ ተገኘ። ሃያ ስድስት ልጆች ተመዘገቡ፤ ሴቶቹ ሦስት። አንዷ ማሬ።

ደምሌ ጠያቂዎቹን «ትምህርቷን እስክትጨርስ ቆዩ» ብሏቸዋል። እነሱም ሌላ ዘንድ ሄደዋል አሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ራሱ ሰላም አለኝ።

ጥቅምት 14

ትናንት ማሬ እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?»

ደንቡን ነገርኳት።

«ደንቡንስ ጽፌዋለሁ። ለምን?»

ጠመኔውን ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጻፍኩ። አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ። ጀርባዬ ላይ ሃምሳ ሁለት ዓይን ተሰማኝ። አምና ቢሆን ጥያቄዋን ረብሻ ብዬ ከክፍል አስወጣት ነበር። አውቀዋለሁ፤ ስንቱን አስወጥቻለሁ።

ዞርኩና «አላውቅም» አልኳት።

ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ተናግሬው አላውቅም። ማንም አልሳቀም። ማሬ «እሺ» ብላ ተቀመጠች። በቃ። ይኸው ነው? ይህን ያህል የፈራሁት?

ሰኞ እነግራችኋለሁ አልኳቸው። ለታፈረ ብጽፍ መልሱ በኅዳር ነው የሚደርሰኝ። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጫለሁ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። አምስተኛው ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎልኝ ነበር... ጠፋ።

ይታይሽ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። በሦስተኛው መጥታ ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል አየችው። «የቤት ሥራዎን ይጨርሱና ይብሉ እንግዲህ» ብላ ምሳውን ከደነችው። እየሳቀች ነው የወጣችው።

አልጨረስኩም።