ስለ ሰማያዊው ቀሚስና ስለ ኪኒንዎ

ባለቤቴ ሆይ፣

የልብን ምሥጢር ሁሉ በጊዜው የሚገልጥ አምላክ ይመስገን። እኔ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ።

ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሰው ባገኘሁዎ ቀን ተቆጥቼ ቁም ሣጥኑን ቆለፍሁ። የስኳር ኪኒንዎ በቀሚሱ ኪስ መቅረቱን ግን አላወቅሁም። እርስዎም ቁልፉን መጠየቅ አፍረው፣ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ቆይተው ወደቁ!

ነርሷ ጎረቤታችን «አባባ፣ ኪኒኑ የት ነው?» ብትልዎ «ቀሚሷ ኪስ ውስጥ» አሉ። ምስኪኗ የለበስሁትን ቀሚስ ትበረብር ጀመር።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ይዋጡ።
የሰማያዊውን ቀሚስ ወገብ አስፍቼልዎታለሁ፤ ትንፋሽ አፍኖ መልበስ ለታመመ ሰው አይበጅም።
ቢጫውን ግን እንዳይነኩ፤ እርሱ የእኔ ነው።

ነገሩ ገና አልገባኝም፤ አልዋሽም። በአርባ ዓመት ትዳራችን ከሞት ይልቅ እኔን መፍራትዎ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ያን ቀን ከአፌ ስለ ወጣው ቃል የምለው አለኝ፤ በወረቀት አይሆንልኝም።

ጌታ ጤናውን ለእርስዎ፣ ትዕግሥቱን ለእኔ ይስጥ፤ ቤታችንንም ሁለታችን ሳንፈራ የምንገባበት ያድርገው። አሜን።