“ነበር” ስለተባለችው ቃል ማብራሪያ ስለ መጠየቅ

ነሐሴ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለተከበሩ የክረምት ኮርስ አስተባባሪ
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? የጉና ብርድ ለእንግዳ እንደማይራራ ስለማውቅ፣ ካፖርትዎ ወፍራም፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። “ጓድ” ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ክፉና ደጉን አብሮ ላየ ሰው የተሰጠ በመሆኑ፣ እኛ አብረን ባየነው ክፉ ላይ እስክንተማመን ድረስ አቆይቼዋለሁ።

ብዕር ያነሣሁት፣ ሠልጣኞችዎ በጎረቤቴ በወይዘሮ እቴነሽ ደጃፍ ጥለዋት ስለሄዱት “ነበር” ስለምትባል አንዲት ቃል ማብራሪያ ለመጠየቅ ነው። ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ በር ላይ የለጠፍሁትም፣ ቃሏ የተነገረችው በአደባባይ ስለሆነ መልሷም በአደባባይ እንዲሰማ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ከዩኒቨርሲቲ ድረስ መጥታችሁ ለአገራችን መምህራን ሥነ ልቡናን፣ የሃይማኖቶችን ጥናትና የሰው ለሰው ግንኙነትን በአንድ ክረምት አስተምራችሁ ልትመለሱ ነው። እኛ ሰውን ማወቅ ዕድሜ ይፈጃል ብለን ስንሞኝ ኖረናል። በማስታወቂያችሁ ላይ “መምህራኖች” ተብሎ መጻፉንም አይቻለሁ። “መምህራን” ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ብዙውን ደግማችሁ ማብዛታችሁን ግን የልግስና ምልክት አድርጌ አልፌዋለሁ። “ነበር”ን ማለፍ ስላልቻልሁ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ወይዘሮ እቴነሽ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቀድሞ ለሞተባቸው ልጅ ምትክ ይሁነኝ ብለው “ካሳው” ያሉት አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ደብዳቤው ተቋርጧል። ቀበሌ ሄደው ሲጠይቁ “ሲታወቅ ይነገርዎታል” ተብለዋል። እርሳቸውም ካልተነገረኝ ደኅና ነው ብለው ተርጉመውት፣ ለመስቀል ሲመጣ የሚያርዱለትን ሙክት ያደልቡ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሠልጣኞችዎ ለሰው ለሰው ግንኙነት ልምምድ ደጃፋቸው ሲደርሱ፣ እርስዎም በቦታው ነበሩ፤ የቀበሌው ሰውም ዣንጥላዎን ይዞልዎት ነበር። አንዲት ጨዋ ወጣት በአክብሮት ጎንበስ ብላ፣ “እማማ፣ ልጅዎ ካሳው ምን ዓይነት ልጅ ነበር?” ስትል ጠየቀች።

“ነበር አልሽኝ፣ የኔ ልጅ?”

“አዎ እማማ፤ ፀባዩን ማለቴ ነው።”

ወይዘሮ እቴነሽ ቀና ብለው የቀበሌውን ሰው አዩት። እርሱም ዓይኑን ወደ ዣንጥላው ጫፍ አነሣ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ጩኸት ጋፋት ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል።

ሁለተኛ፤ በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ በዘመድና በሽማግሌ፣ በግራና በቀኝ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። እናንተ ይህን ሁሉ ድካም አስቀርታችሁልን በእኩለ ቀን፣ በአንዲት ግስ ጨርሳችሁታል። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን ማልቀስም መመለስም አቃተው። ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ “ዝም በሉ፣ በሕያው ሰው ላይ አታሟርቱ!” ይላል። በለቅሶ ግጥም የምትታወቀው ድንቅነሽ ከደጅ ቆማ፣ “መምህር ዘውዱ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ‘ነበር’ ማለት ሞቷል ማለት ነው? ልጀምር ወይስ ልመለስ?” ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኃላፊ ጊዜን ሳስተምር ኖሬያለሁ። “ልጅ ነበር” ሲባል፣ ልጅነቱ ብቻ ያለፈ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ያለፈም ሊሆን ይችላል። ሰዋስው ከዚህ በላይ አይነግረኝም።

በዚያች ሰዓት እርስዎ ለሠልጣኞችዎ “የታፈነ ስሜት ሲፈነዳ እንዲህ ነው፤ ልብ በሉ” ማለትዎን ሰምቻለሁ። ኀዘን ደረጃ ደረጃ እንዳለውም በክፍል ውስጥ አስተምረዋል አሉ። እናመሰግናለን፤ እኛ ኀዘን ጎረቤት ብቻ ያለው ይመስለን ነበር።

ሦስተኛ፤ ለሙታን የሚጸለየው ጸሎት ሕያዋንን ለማጽናናት የተዘጋጀ መሆኑን በሃይማኖቶች ጥናት ማስረዳትዎ ተነግሮኛል። እንግዲያው ከማጽናናቱ ለወይዘሮ እቴነሽ ጥቂት ቢያካፍሉልን። ቄስ ሞላ “የካሳውን ስም በጸሎት የምጠራው ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ካረፉት ጋር?” ብለው ወይዘሮ እቴነሽን ጠይቀዋቸዋል። እርሳቸው አንዱን ቀሚሳቸውን ጥቁር ቀለም ነክረው አውጥተዋል፤ ግን አልለበሱትም። አጥር ላይ እንደተሰጣ ዝናብ ይመታዋል። ሙክቱም አልታረደም፤ አልተሸጠም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ያች ወጣት “ነበር” ያለችው ስለ ካሳው የምታውቁት ነገር ስላለ ነው ወይስ በቋንቋ ስሕተት? ስሕተት ከሆነ ስሕተት መሆኑን ጽፈው ይፈርሙልን፤ እኔ በቀይ ቀለም አርሜ እመልሰዋለሁ፤ ማንንም አልቀየምም። የምታውቁት ካለ ደግሞ ይንገሩን፤ ልጃችንን በወጉ እናልቅሰው። ቄስ ሞላ በሩፋኤል ዕለት ስሙን የሚጠሩበትን ቦታ ማወቅ ስላለባቸው፣ መልስዎ በጽሑፍ ከጳጉሜን ሦስት ቀን በፊት እንዲደርሰኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዕውቀትዎ ሳይጎድል፣ ወደ መጡበት በሰላም እንዲመለሱ፣ በደረሱበትም ቤት ሁሉ “ነው” ተብሎ የሚነገርለት ልጅ እንዲገጥምዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ዘውዱ ደምሌ
በጡረታ የተገለለ የአማርኛ ሰዋስው መምህር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመልስዎ ውስጥ “ሲታወቅ ይነገራል” ብለው እንዳይጽፉልኝ አደራ እላለሁ። ማን ሲያውቅ፣ ማን እንደሚናገር የማይገልጽ፣ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ነው። ካሳው ግን ባለቤት አለው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።