ያልተበላሸው አምፕሊፋየር

ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከእናታችን በኋላ እናት ለሆንሽኝ ለታላቅ እህቴ ይድረስ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጅሽ ሶሲስ ፈተናውን እንዴት ተወጣችው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዳሞታ ተራራ ከሰኔ ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነው፤ ሱቄ ውስጥ እርጥበት ያልነካው ዕቃ የለም። ከሶዶ አረካ በሚኒባስ ምን ያህል መንገድ ነው? እኔ ግን ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ደጅሽን አልረገጥኩም። ስልክ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ስንት ጊዜ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው መስከረም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል መድረክ አምፕሊፋየር እየሠራሁ ነበር። ሰርኪዩቱን ራሴ ነድፌ፣ ትራንዚስተሩን አንድ በአንድ መርጬ የሠራሁት ነው። ታዲያ ማንም ሳይናገርበት እምም የሚል ድምፅ ያወጣል። ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሬ ሽቦ ስነቅልና ስበይድ ማርያማዊት የገፋ ሆዷን ደግፋ መጣች። «ልጁ ከማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም፤ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። «ተኝቶ ይሆናል፤ በዓሉ ይለፍና እህቴ ጋ እንሄዳለን» አልኳት። ሐሙስም ጠየቀችኝ። ዓርብ ዝም አለች።

የድምፁን መነሻ ቅዳሜ አገኘሁት። የመግቢያው ክፍልና የኃይል ክፍሉ በአንድ የግራውንድ ሽቦ ላይ ተገናኝተው ኖሯል፤ ስለያቸው ጸጥ አለ። እሑድ ሕዝቡ ሲጨፍር እኔ ከመድረኩ ሥር ቆሜ በሥራዬ እኮራ ነበር።

ሰኞ አረካ ጤና ጣቢያ አንቺ ጋ መጣን። የፅንስ ልብ ማዳመጫውን ቦታ እየቀያየርሽ ሦስት ጊዜ ሆዷ ላይ አሳረፍሽው። ምንም የለም። «መንቀሳቀስ ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትዪ እሷ ሳትመልስ እኔ «ከትናንት» አልኩ። ማርያማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንቺ አምቡላንስ ልትጠሪ ስልክሽን ስታነሺ፣ እኔ «ማሽኑ ነው፤ ውስጡ ያለው አምፕሊፋየር ሞቷል፤ ስጪኝ ልየው» ብዬ ይዤው ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

በካቻቪቴ ከፈትኩት። የአምፕሊፋየሩን መግቢያ በጣቴ ስነካው ስፒከሩ ጮኸ። እሱ ይሠራል ማለት ነው። አላመንኩም። ጄል የተቀባውን ጫፍ አንገቴ ላይ፣ ደም ሥሬ ላይ አስጠጋሁት። የገዛ ልቤ ምት ኮሪደሩን ሞላው። አጥፍቼ ገጠምኩትና ገብቼ «ተበላሽቷል» አልኳችሁ።

ሆስፒታል የነገሩንን ታውቂዋለሽ። ልጁን ከቀበርን በኋላ ሰው ሁሉ እንዴት ሆነ እያለ ሲጠይቀኝ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ደህና ነው ያልሽንም በዚያው በተበላሸ ማሽን ነው አልኩ። መጀመሪያ ለአማቴ ነገርኳት፤ ቀጥሎ የአቤቱታ ማመልከቻ ጻፍኩ። የሙያው ሰው እኔ ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረኝም። ስንቱን ልጅ የተቀበልሽውን አንቺን ከማዋለጃ ክፍል አንስተው ካርድ ክፍል አስቀመጡሽ። አንድ ቃል አልተናገርሽም። ዝም ማለትሽንም ጥፋትሽን እንዳመንሽ አድርጌ ለሰው አወራሁት።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለማርያማዊት ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መንገድ ዳር ቆመችና፣ «የዚያን ዕለት የክፍሉ በር እኮ ገርበብ ብሎ ነበር» አለችኝ። «ምቱን ሰምቻለሁ። የልጄ መስሎኝ ልነሣ ስል እህትህ እጄን ያዘችኝ። ወደ በሩ አየችና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።» ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «ራስህ እስክትናገረው» አለችኝ።

ለካ አንቺም ሰምተሽ ነበር፣ እታለም! ወንድምሽን ከማዋረድ ስምሽ እንዲጠፋ ፈቀድሽ።

ሰኞ ጤና ጣቢያችሁ መጥቼ ነበር፤ አንቺን ለማየት ግን ወኔ አጣሁ። ማሽኑ ደህና እንደነበር፣ ሚስቴን ከረቡዕ እስከ ሰኞ ያቆየኋት እኔ እንደሆንኩ ጽፌ፣ ፈርሜ ለኃላፊው ለአቶ ይድነቃቸው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቦታሽ እንደሚመልስሽ ነግሮኛል። ማክሰኞ ለአማቴ ነገርኳት፤ እስካሁን አታናግረኝም። የቀሩትንም ዘመዶች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እየነገርኳቸው ነው።

ይቅርታሽን በደብዳቤ አልለምንም፤ እግርሽ ላይ ወድቄ እንጂ። ይህን ግን ማርያማዊት ጻፍልኝ ብላኛለች። የአሁኑን እርግዝናዋን ክትትል እዚሁ ሶዶ አላቋረጠችም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከአንቺ ሌላ የማንም እጅ እንዲቀበልላት አትፈልግም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው ብለዋታል።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፤ ወገብሽን ያበርታልሽ፤ ሶሲን ለወግ ለማዕረግ ያድርስልሽ።

የበደለሽ ታናሽ ወንድምሽ