በወናው መንደር አልጠፋሁም

እሑድ፣ ኦክቶበር 12፣ 2008 እ.ኤ.አ.፣ ከሰዓት በኋላ

ናቲ ማይኩን ይዞ «ጠፋችብኝ» ሲል። እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርን፤ ወይም ደህና ነን ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሜስኪት ከተማ፣ ቸርች፣ የምስክርነት ሰዓት። እጮኛዬ ሳይነግረኝ ተነስቶ መድረኩ ላይ ወጣ። በጁን ጣሊያን እንደ ሄድን፣ ተራራ ላይ ነዋሪ የሌለው መንደር ልናይ እንደ ገባን፣ እኔ እንደጠፋሁበት፣ በፍርስራሹ መሃል ስሜን እየጠራ እንደ ዞረ፣ ተንበርክኮ እንደ ጸለየ፣ ጌታም እንደ መለሰኝለት ተናገረ። ድምፁ ተቆረጠ። አለቀሰ። እልልታው ቀለጠ። ከኋላዬ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ትከሻዬን ጨብጠው «እሰይ ልጄ፣ እንኳን ተገኘሽ!» አሉኝ።

ፈገግ አልኩ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም፤ ፈገግ አልኩ።

አልጠፋሁም። ጥሎኝ ነው የሄደው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሥራ። የፓርኪንግ ሕንፃ ንድፍ እስላለሁ። በምሳ ሰዓት ፎቶዎቹን ከፈትኩ።

ጁን፣ ከአክስቴ ልጅ ሠርግ ማግስት፣ ከሮም በኪራይ መኪና ሄድን። መንደሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ወና ቤቶች ነበርና። ተራራው መንሸራተት ሲጀምር መንግሥት ሰዉን ወደ ሸለቆው አወረደው፤ የወረደ አልተመለሰም። ከአንዱ ወጥ ቤት ወለል የበለስ ዛፍ በቅሎ በጣሪያው ቀዳዳ ወጥቷል። ሰማያዊ ግድግዳ፣ መሃሉ ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን፤ የሆነ ሰው ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረ። የድንጋይ ገንዳ። ሽቦ ብቻ የቀረው አልጋ። ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ናቲ ርቦታል። ሰዓቱን ያያል። «ፌቪ፣ ድንጋይ እኮ ነው! ከድንጋዩና ከእኔ ምረጪ» አለኝ። ሳቅኩ። ያናደደው ሳቄ ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ሆኜ ሞተሩን ሰማሁ፤ መኪናውን ሊያዞር መስሎኝ። ስወጣ አቧራው ብቻ ነበር።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። በዚያ በቀጭን ጫማ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ከታች፣ መንገድ ዳር ካለች ቡና ቤት፣ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ምሳውን በልቶ ጨርሷል። ቀና ብሎ አየኝና፦ «ተማርሽ?»

ሁለት ዲግሪ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛውም ፈተና አልመጣብኝም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15፣ ማታ

እማዬ ጋ፣ ሳክሲ ከተማ። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ጀመረች፦ ሽማግሌ መጥቶ፣ እሺ ተብሎ፣ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ። ደግሞስ በሰው ፊት የሚያለቅስልሽ ወንድ ከየት ይገኛል? ለመሆኑ ተመልሶ መጥቶ ወስዶሽ የለም እንዴ?

አልመጣም፤ እኔ ነኝ የወረድኩት፣ አልኳት።

«ያው ነው» አለች።

ያው አይደለም! ጮህኩባት። ቆይቶ ወጥ ቋጥራ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ተቀይሜም ወጧን እበላለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ዩለስ፣ ናቲ የሚኖርበት ከተማ። ከኤርፖርት ሥራው እስኪመለስ ከአፓርታማው ፊት ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩት። መኪናዬ ውስጥ ገባ። ለምን ዋሸህ? አልኩት።

«ምስክርነት ነው እኮ፣ የኔ ቆንጆ። ክብሩ ለጌታ ነው። አንቺን ምን ጎዳሽ?»

«አልጠፋሁም።»

«ታዲያ ምን ልበል? ጥያት ሄድኩ ልበል? በማይክ?»

«አዎ።»

ሳቀ። ማለቴ፣ ከልቡ ሳቀ። ቀጥሎ የምሥራቹን ነገረኝ፦ ፓስተር በመጪው እሑድ እኔም እንድመሰክር ይፈልጋሉ፤ አጠር ይበል ብለዋል። የምለውንም ናቲ አዘጋጅቶልኛል። ፈርቼ እንደነበር። የመኪናውን ድምፅ ስሰማ እንባዬ እንደመጣ።

ድምፁንስ ሰምቼዋለሁ። ሲሄድ።

ቤት ስገባ ገባኝ። ለካ ያቺን ቃል ያለ ምክንያት አልመረጣትም። «ጠፋች» ሲል ጥፋቱም ወደ እኔ ዞረ። የሄደው እሱ፣ አጥፊዋ እኔ፣ ይቅር ባዩም እሱ። እኔ ደግሞ ተገኘሁ ብዬ ላመሰግን ነው። አራት ወር ዝም ያልኩት ጉዳዩ የሁለታችን ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ዝምታዬን ባዶ ቤት አድርጎት ገባበት።

ቅዳሜ

ቀለበቱን አወለቅኩ። አላለቀስኩም። ትንሽ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19፣ ጠዋት

ከቸርች ውጭ፣ መኪና ውስጥ። መሪው ላይ አስደግፌ እየጻፍኩ ነው። መዝሙር ተጀምሯል። እማዬ ከፊት መስመር ቦታ ይዛልኛለች።

በቃ፣ ሳልገባ ልጻፈው። ጥሎኝ በሄደ ሰው ተፈልጌ እንደተገኘሁ ሲወራ ከእንግዲህ ፈገግ አልልም። በሰው ፊት ያፈሰሰውን እንባ የይቅርታ ያህል አልቆጥርለትም። «ያው ነው» ስባል፣ እናቴም ብትሆን፣ አልሰማም።

ናቲ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ይጠራኛል። ማይኩን ይዟል። ማይኩን ከእጁ እቀበላለሁ። ከእጁ የምቀበለው ሌላ ነገር የለም።