አጎቴ ከደሎ መና ያመጡት ጥያቄ

ሮቤ፣ ሚያዝያ 12

ጄኔቫ ካለው የዓለም ንግድ ድርጅት ለእረፍት መምጣቴን ሰምተው አጎቴ ጋሽ ቱፋ ዛሬ ከደሎ መና በአውቶቡስ መጡ። የአውሮፓ ቡና ነጋዴዎች በአዲሱ የአውሮፓ የደን ደንብ ምክንያት «ጫካ ሳይመነጠር ለመመረቱ ማስረጃ የለውም» ብለው የአጎቴን ቡና አንገዛም ብለዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስለዚህ ሕግ የሚነጋገሩበት ቤት አይደል የምትሠሪው? ጫካውን የጠበቅነው እኛ መሆናችንን ንገሪያቸው» አሉኝ።

እዚያ የሕግ ተለማማጅ ነኝ። የአገሮች ተወካዮች በዚሁ ደንብ ላይ ሲከራከሩ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ እንጂ መናገር አይፈቀድልኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ጫት እተክላለሁ። ለጫት ማስረጃ የሚጠይቀኝ የለም። ጫት ግን ፀሐይ ስለሚፈልግ የቡናውን ጥላ ዛፎች ማስቆረጥ አለብኝ» አሉ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አይቁረጡ ማለት ነበረብኝ። ግን ምን ይዤ?